ለልጆች ተደራራቢ አልጋ የሚሆን ፍራሽ ስለ መምረጥ

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲያስቡበት ግን ትልቅ የሆነ የቤት ጉዳይ ነው። ይኸውም ልጆቻችን በሚተኙበት ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚነጠፈው ፍራሽ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ነው። ስለ ፍራሽ መናገር የነጋዴ ሥራ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ከቀንና ከሌሊቱ ሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ዘጠኙን ወይም ዐሥሩን በፍራሽ ላይ ያሳልፋል። ይህም ጊዜ አብዛኛውን ወላጅ ራሱ ተኝቶ ልጁን በማያይበት በሌሊት ነው። እናትና አባት በማያዩበት ሰዓት ልጁን የሚጠብቀው አልጋውና ፍራሹ ከሆኑ፣ ስለ ጠባቂዎቹ ጠባይ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ በደቡብ በኩል በምታበቃበት ስፍራ፣ የገላን ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ይገኛሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዓመታት በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ምክንያት እንደዚህ ያሉ መንደሮች በከተማችን ዙሪያ በየአቅጣጫው ተነሥተዋል። በነዚህ ቤቶች ዕጣ ወጥቶለት የገባም፣ ተከራይቶ የገባም የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። ቤቱ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ሲሆን ባልና ሚስት ከሁለት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ለትምህርት ከአገር ቤት ከመጣ የዘመድ ልጅና ከቤት ሠራተኛ ጋር ይኖሩበታል። ወለሉ ለሁሉም ሲጠብ፣ ከወለሉ በላይ ያለው ቦታ ግን ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ተደራራቢ አልጋ ለማሠራት ወይም ለመግዛት ቢያስብ ብልኀት ነው።

አባቶቻችንም ቤት ሲጠብባቸው ቆጥ ሠርተው ከወለል በላይ ያለውን ቦታ ይጠቀሙበት ነበር። ስለ ቆጥም የተረቱት ተረት ዛሬ ለኛ ይስማማል፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። ቦታ እናተርፋለን ብለን ልጃችንን ከጣልነው ትርፉ ትርፍ አይደለም።

አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። ብዙውን ጊዜ አልጋውና ፍራሹ በአንድ ቀን አይገዙም። አልጋው ከብረት ሠሪ ወይም ከአናጢ ዘንድ ይመጣል፤ ፍራሹ ደግሞ ሌላ ደመወዝ ሲደርስ ከመርካቶ ወይም ከሰፈር ሱቅ ይገዛል። በዚህ ጊዜ ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ነው የሚመቸው?» የሚል ነው። ሻጩም ወፍራሙን ያወጣለታል። ወላጁም ለልጁ መሳሳት አይገባም ብሎ ከዐቅሙ በላይ እንኳ ቢሆን ወፍራሙን ይገዛል፤ ተሸካሚ ቀጥሮም አሳንሰር በሌለው ፎቅ ያስወጣዋል። ከላይኛው አልጋ ላይ በተነጠፈ ጊዜ ግን ያ ወፍራም ፍራሽ ልጁን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ መከለያውን ዝቅ ያደርግበታል። በፍቅር የተገዛው ፍራሽ ልጁን ከመውደቅ የሚጠብቀውን አጥር አሳጠረው ማለት ነው።

ይህንን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ፍራሹ ከሚያርፍበት ርብራብ እስከ መከለያው የላይ ጫፍ ያለው ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በዚህ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ቢነጠፍ ከፍራሹ በላይ የሚተርፈው መከለያ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ከአንድ የጎልማሳ ሰው መዳፍ ስፋት ብዙም አይበልጥም። የሚገላበጥ ልጅ ትከሻውን በዚህ ላይ ካሳረፈ ማዶ ለመሻገር የሚቀረው ጥቂት ነው። በዚያው አልጋ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ ቢነጠፍ ግን 18 ሳንቲ ሜትር መከለያ ይተርፋል። አልጋው ያው፣ ልጁም ያው ሲሆን፣ ደኅንነቱን የለወጠው የፍራሹ ውፍረት ነው።

ታዲያ ስንት ሳንቲ ሜትር ይበቃል? ስለዚህ ነገር የተለያዩ አገሮች ደንብ አውጥተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በአሜሪካ ደንብ መሠረት መከለያው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የአውሮፓና የአውስትራሊያ ደረጃዎች ደግሞ ጠበቅ አድርገው 16 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የኛ ፈንታ ከሆነ፣ በልጅ ጉዳይ ጥብቁን መያዝ ይሻላል። እንግዲህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከመከለያው ቁመት ላይ 16 ቀንሱ፤ የቀረው ቁጥር ልትገዙት የምትችሉት ፍራሽ ትልቁ ውፍረት ነው። መከለያችሁ 30 ከሆነ ፍራሻችሁ ከ14 አይበልጥ። መከለያችሁ 26 ከሆነ ፍራሻችሁ ከ10 አይበልጥ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መታሰብ አለበት። አሮጌው ፍራሽ ሲተኛና ሲሳሳ አዲሱን በላዩ መደረብ በየቤቱ ይታያል። የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከሥር ማንጠፍም የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ በመሬት ላይ ወይም በታችኛው አልጋ ቢሆን የሚጎዳ ነገር የለውም። በላይኛው አልጋ ግን የተደረበው ሁሉ ከመከለያው ላይ የሚቀነስ ነው።

ወፍራም ፍራሽ ቀድሞ ገዝቶ የጨረሰ ወላጅም መፍትሔ አያጣም። ወፍራሙን ወደ ታችኛው አልጋ አውርዶ ስሱን ወደ ላይ ማውጣት ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ስስ ፍራሽ ከሌለ ደግሞ ብረት በያጁን ጠርቶ በመከለያው ላይ አንድ አግዳሚ ማስጨመር ይቻላል። አግዳሚው ሲጨመር በብረቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ7.5 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ማስለካት ይገባል። ክፍተቱ ከሰፋ የትንሽ ልጅ እግርና ገላ ሾልኮ ወጥቶ ራሱ ሊቀረቀር ይችላልና። መከለያው በክፍሉ በኩል ብቻ ሳይሆን በግድግዳውም በኩል ሊኖር ይገባል። አልጋ ከጊዜ ብዛት ከግድግዳው ይሸሻል፤ ልጅም በመካከል ገብቶ ሊታፈን ይችላል።

ከውፍረት ቀጥሎ የሚታየው ስፋትና ርዝመት ነው። በልክ የተሠራ አልጋና በፋብሪካ ልክ የተቆረጠ ፍራሽ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። አናጢው አልጋውን በ90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢሠራውና የተገዛው ፍራሽ 80 ቢሆን፣ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ በጎን ይቀራል። በዚህ ባዶ ቦታ እጅም እግርም ይገባል፤ ፍራሹም ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ፍራሹ ከአልጋው ሰፍቶ በግድ ቢገባ ደግሞ መኻሉ ያብጥና ልጁን ወደ ጫፍ ይገፋዋል። ፍራሹ ከተነጠፈ በኋላ በጎኑ ሁለት ጣት አጣምሮ ማስገባት የሚያስቸግር ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፍራሹ ዐይነት እንለፍ። ባለ ሞላ ፍራሽ ለጎልማሳ ሰው ሊመች ይችላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ከባድ ስለ ሆነ ለላይኛው አልጋ አይመረጥም፤ ሞላውም ልጆችን ለመዝለል ይጋብዛል። የጥጥ ፍራሽ ስስ ሆኖ ሊሠራ ቢችልም ሲያረጅ ይጓጉላል፤ ሽንት ወይም ውሃ ሲነካው ቶሎ አይደርቅም፤ በርጥበትም ይከብዳል። ስለዚህ ለላይኛው አልጋ የሚሻለው ስስና ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው።

ይሁን እንጂ ስፖንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። የስፖንጅ ጥራት አንዱ ምልክት እፍጋቱ ነው፤ ነጋዴዎች «ዴንሲቲ» ይሉታል። ትርጉሙም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም ስፖንጅ አለ ማለት ነው። ይህንንም በሚዛን ለማረጋገጥ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 190፣ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.205 ሜትር ኩብ ያህል ነው። እፍጋቱ 25 ነው ከተባለ ስፖንጁ ብቻውን ወደ 5 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይገባዋል። ሲመዘን 3 ኪሎ ግራም ብቻ ከሆነ እፍጋቱ 15 እንኳ አይሞላም፤ የተነገረውና የቀረበው አልተስማሙም ማለት ነው። እርግጥ በስፖንጅ ውስጥ የሚያከብድ ነገር ሊጨመር ስለሚችል ሚዛን ብቻውን ፍጹም ምስክር አይሆንም። ስለዚህ በጉልበት ጫን ብሎ ማየት ይገባል። ጉልበቱ ርብራቡን እስኪነካ ድረስ ከሰመጠ፣ ወይም ከተለቀቀ በኋላ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ፣ ሌላ መፈለግ ነው። ስስ ፍራሽ የሚያገለግለው ጠንካራ ሲሆን ነውና፣ በውፍረት የተቆጠበውን ገንዘብ በጥራት ላይ ማዋል ይገባል።

ፍራሹም ብቻውን አይቆምም፤ የሚያርፍበት ርብራብ አለ። የርብራቡ እንጨቶች ተራርቀው ከተመቱ ስፖንጁ በመካከላቸው እየሰመጠ ቶሎ ያልቃል። ከዚህም የከፋው፣ እንጨቶቹ በብሎን ሳይታሰሩ እንዲሁ የተቀመጡ ከሆነ፣ ፍራሹ ሲንቀሳቀስ አብረው ይንሸራተታሉ። ያን ጊዜ ፍራሹና ልጁ ከታች በተኛው ልጅ ላይ ሊወርዱ ይችላሉ። ፍራሽ ከመነጠፉ በፊት እያንዳንዱን እንጨት በእጅ ነቅንቆ ማየት፣ የላላውንም ማጥበቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የአልጋው ጥንካሬ ለልጅ ክብደት የታሰበ ከሆነም፣ እንግዳ በመጣ ቀን ጎልማሳ ሰው ከላይ ማስተኛት አይገባም።

ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ ሳያወልቁ በፍራሽ ላይ መተኛት በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው። ፍራሹ እንዳይቆሽሽ በማሰብ ነው። ነገር ግን ላስቲኩ ላብ ያጠራቅማል፤ አንሶላውንም ያንሸራትታል። ተቀዶ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ደግሞ የትንሽ ልጅን አፍና አፍንጫ ሊከድን ይችላል። ላስቲኩን አውልቆ ሊታጠብ የሚችል የጨርቅ ልባስ በዚፕ ማስገባት ይሻላል። ትኋን ቢገባም በእርሻ ላይ የሚረጭ መርዝ በፍራሽ ላይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያንን መርዝ ይተነፍሳልና።

ስለ እሳትም አንድ ቃል እንጨምር። ስፖንጅ እሳት ሲነካው ፈጥኖ ይነዳል፤ ጢሱም መርዛም ጋዝ አለበት። ትኩስ ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ በመጀመሪያ የሚከማቸው በኮርኒሱ ሥር፣ ማለት በላይኛው አልጋ የተኛው ልጅ በሚተነፍስበት ቦታ ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ ከአልጋው አጠገብ አይቀመጥ። የከሰል ምድጃም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ይራቅ። ከላይኛው አልጋ ጋር የተቀራረበ አምፖል ካለም ብርድ ልብስና ፍራሽ እንዳይነካው ቦታውን መለወጥ ይገባል። በአዲስ አበባ እሳት ሲነሣ የሚደወልበት ቁጥር 939 መሆኑን ለልጆች ማስጠናትም መልካም ነው።

የፍራሹ ምርጫ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ማን በላይ ይተኛ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ትንሹ ልጅ ብዙ ጊዜ «እኔ ልውጣ» እያለ ያለቅሳል፤ ወላጅም እንዲተኛለት ብሎ ይፈቅድለታል። በአሜሪካ የሚሰጠው ምክር ግን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በላይኛው አልጋ እንዳይተኛ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይተኛ ይመከራል። ይህ ምክር ያለ ምክንያት አልመጣም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ አንድ የሕክምና ጥናት መሠረት፣ ከ1990 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚያ አገር በያመቱ በአማካይ ወደ 36,000 የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች በተደራራቢ አልጋ ምክንያት ተጎድተው በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ታክመዋል። ከአራቱ ጉዳተኞች ሦስቱ ያህል የተጎዱት በመውደቅ ነው። ከጉዳተኞቹም እኩሌታ ያህሉ ከ6 ዓመት በታች ነበሩ። የአልጋ ደንብ ባለበትና በሚጠበቅበት አገር ይህን ያህል ከሆነ፣ አልጋውን በቃል ነግረን የምናሠራ እኛ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎም ልጅ የወደቀ እንደ ሆነ ወላጅ የሚያደርገው ነገር ዋጋ አለው። አንገቱን ወይም ጀርባውን አመመኝ ካለ አለመጎተት፣ ባለበት ማቆየትና እርዳታ መጥራት ይገባል። ራሱን ተመትቶ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው፣ ንግግሩ ከተዛባ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ለገላን ነዋሪ በዚያው ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ የሚመስል ልጅ በአገር ልማድ ወደ ወጌሻ የሚወሰድበት ጊዜ ብዙ ነው። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የተከበረ ባለሙያ ነው። ነገር ግን ስብራት ጠብቆ በታሰረ ጊዜ ደም መዘዋወሩ ይቋረጥና አካሉ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጉዳት በአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ መጀመሪያ የራጅ ምርመራ ይቅደም። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ እስኪነጋ እንኳ መጠበቅ አይገባም።

የተከበራችሁ አንባብያን፤

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ጠረጴዛ እንኳ ሲገዛ ልኩ፣ ዐይነቱና ጥራቱ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ካልቀረበ ግዥው እንደማይፈጸም የምታውቁ ናችሁ። የመንግሥትን ገንዘብ ለመጠበቅ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለልጃችን ፍራሽ ስንገዛ ግን በዐይን አይተን፣ በእጅ ዳሰን፣ በዋጋ ተከራክረን ብቻ እንመለሳለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ለቤታችንም እንደ መሥሪያ ቤታችን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እናዘጋጅ።

በዚያች ወረቀት ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ ከርብራቡ እስከ መከለያው ጫፍ ያለው ቁመት ይጻፍ፤ ከዚያም ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ይቀነስና የፍራሹ ትልቁ ውፍረት ይታወቅ። ሁለተኛ የአልጋው የውስጥ ርዝመትና ስፋት ይጻፍ። ሦስተኛ የሚፈለገው የስፖንጅ እፍጋትና በሚዛን ሊሆን የሚገባው ክብደት ይጻፍ። አራተኛ ርብራቡ በብሎን መታሰሩ፣ መከለያውም በሁለቱም በኩል መኖሩ ተረጋግጦ ምልክት ይደረግበት። አምስተኛ በላይ የሚተኛው ልጅ ስምና ዕድሜ ይጻፍ። ከዚህ በኋላ ወረቀቱንና አንድ ሜትር ይዞ ወደ ገበያ መሄድ ነው። ሻጩ ወፍራሙን እያወጣ ሲያሞግስ፣ ገዢው ወረቀቱን አይቶ «የኔ አልጋ ከ14 በላይ አይቀበልም» ለማለት ይችላል።

ይህችን ንግግር ያነበበ ወላጅ ነገ ዛሬ ሳይል በዚህች ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ሜትሩን አንሥቶ ከፍራሹ በላይ ስንት ሳንቲ ሜትር መከለያ እንደ ተረፈ ይለካ ዘንድ እለምነዋለሁ። ቁጥሩ 16 ከሞላ ልቡ ዐርፎ ይተኛ። ካልሞላ ደግሞ መከለያው እስኪስተካከል ድረስ የላይኛውን ፍራሽ አውርዶ ልጁን በወለል ላይ ያስተኛ። ወለሉ ለጥቂት ሌሊት ቢጠብም ከወለል የሚወድቅ ልጅ የለም።